ለቡሬ ቫይታሚን ይሰጠው ወይስ አይሰጠው

ውሻ ቫይታሚን ያስፈልገዋል ወይ? ጥያቄው ሲታይ ቀላል ነው። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ስለ ቫይታሚን ማስታወሻ ሳልይዝ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ። ኤ ለዓይን፣ ሲ ለድድ፣ ዲ ለአጥንት። ይህን ጥያቄ ይዤ ግን ከሚሴን ከላይ እስከ ታች ዞርኩ፤ ሰንበቴ ድረስ ሄድኩ፤ ከአንድ እህል ነጋዴ ጋር ክፉ ቃል ተለዋወጥኩ፤ ስሜም በሥጋ ጉዳይ ተነሣ። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በመጀመሪያ ውሻው የእኔ አይደለም። ተማሪ ብትሆኑ ኖሮ ከሥሩ አስምሩበት እላችሁ ነበር። ውሻው የአከራዬ የሐጂ ይመር ነው። ሐጂ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሰፊ ግቢ አላቸው። በግቢው ጫፍ ሁለት የኪራይ ክፍሎች አሉ፤ በአንዱ እኔ፣ በሌላው አዴ ፋጡማ እንኖራለን። «አዴ» እዚህ አገር ትልልቅ ሴቶች በአክብሮት የሚጠሩበት ነው። አዴ ፋጡማ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሳምቡሳ እየጠበሱ በመሸጥ የሚተዳደሩ፣ ድምፃቸው ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የማይተናነስ ሴት ናቸው።

ውሻው ቡሬ ይባላል። ነጭና ጥቁር ነው፤ ሌላ ስም ለማሰብ ማንም አልደከመም። ከግቢው በር ሥር፣ ከቤት ውጭ ይተኛል። ሐጂ ለጥበቃ ያኑሩት እንጂ አይነኩትም። ቢልሳቸው ታጥቦ ልብስ መቀየር አለና ሁልጊዜ አንድ ክንድ ራቅ ብለው ነው የሚያነጋግሩት። ቢሆንም ሳይበላ ከዋለ እሳቸውም እህል አይወርድላቸውም።

ዘንድሮ ረመዳን ሲገባ ሐጂና ባለቤታቸው ለዑምራ ወደ መካ ሊሄዱ ተነሡ። ሻንጣው ባጃጅ ላይ ተጭኖ ሳለ ሐጂ ጠሩኝ።

«መምህር፣ ቡሬን ላንተ ነው የምተወው። አማና ነው።»

አማና ማለት አደራ ነው። ሐጂ ይህን ቃል እንደ ዋዛ አይናገሩም።

«አብሽሩ፣ ሐጂ፤ ምን ይበላል?» አልኳቸው። አይዞዎት ለማለት አብሽሩ ማለትን ከመጣሁ ገና በሁለተኛው ቀን ነው የተማርኩት።

«እሱ ምን ቸገረው! ሰው ከሚበላው የተረፈውን ይበላል። ብቻ እንዳስረከብኩህ አድርገህ መልስልኝ።»

ባጃጁ ሄደ። እኔ ቀረሁ፤ ቡሬም ቀረ። ተያየን።

የመጣሁት ከደጋ ነው፤ እዚህ ከተመደብኩ ገና አንድ ዓመት አልሞላኝም። ሥርዓት ያለው ሰው ነኝ፤ እናቴ ብትጠየቅ ከልክ በላይ ሥርዓት ያለው ነው ትላለች። ያን ዕለት ደብተር ገዛሁ። «የቡሬ መከታተያ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበትና አምስት ዓምድ አሰመርኩለት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የምግብ ዓይነት፣ መጠን፣ አስተያየት። ይህ የመጀመሪያው ሥራዬ ነበር። ሁለተኛው ሥራዬ ማስታወቂያ መለጠፍ ነበር። ሰው ሁሉ በየፊናው እየወረወረለት ምኑን እመዘግባለሁ? ስለዚህ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፌ፣ ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ ሸፍኜ በሩ ላይ ለጠፍኩ፦

«ማስታወቂያ። ለቡሬ ያለ ኃላፊው ፈቃድ ማንኛውንም ምግብ መስጠት በጥብቅ የተከለከለ ነው። መጠኑ በመመዝገብ ላይ ይገኛል።»

አዴ ፋጡማ ቆመው አስነበቡኝ፤ ፊደል እንደ መርፌ ቀዳዳ ነው የሚታያቸው። ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የተማረ ሰው ደግ ነው። ውሻም በጽሑፍ ይተዳደራል?»

አመሰገንኳቸው። ምስጋና መስሎኝ ነበር።

ምግቡን በተመለከተ አንዳች አላጓደልኩም። ሐጂ ሰው ከሚበላው አሉ፤ እኔ ሰው ነኝ፤ የምበላውን አካፈልኩት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዳቦ በሻይ ነክሬ። ሰባት ሰዓት ላይ ሽሮ ፍትፍት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምስር። በተጨማሪም አዴ ፋጡማ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለማፍጠሪያ የሚሸጡትን ሳምቡሳ ሲጠብሱ ለእኔ ሁለት የምስር ሳምቡሳ ደጃፌ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። አንዱን ለቡሬ እሰጥና በደብተሬ ላይ «ቅባት፦ አንድ ሳምቡሳ» ብዬ እጽፋለሁ። ሽሮ ሽንብራና ባቄላ ነው፤ ሽንብራና ባቄላ ፕሮቲን ናቸው። ምስርም ፕሮቲን ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ቡሬ ቡሬ መሆኑን ተወ።

ድሮ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሸኘው ነበር። አሁን ባጃጅ ሲያልፍ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ይዘጋል። ፀጉሩ ወዙን አጥቶ የቆየ ሳር ፍራሽ መስሏል። የጎኑ አጥንት ተቆጠረ፤ በስተቀኝ በኩል አሥራ አንዱን ቆጥሬ መዝግቤዋለሁ። የሽሮውን ሰሃን ሳቀርብለት ደግሞ ወደ ሰሃኑ ሳይሆን ወደ ዓይኔ ነው የሚያየው። ብዙ ያየኝ ነበር። ተማሪዬ እንደዚያ ቢያየኝ ጥያቄ አለህ ወይ ብዬ እጠይቀው ነበር።

ሐጂ ሊመጡ አሥር ቀን ቀርቷቸዋል። እንዳስረከቡኝ አድርጌ የምመልሰው አማና በየቀኑ እየሳሳ ነው።

አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ደወልኩላት። ጎረቤቷ ከእሷ ቤት የሚበልጥ ውሻ ያለው ሰው ነው። ጠይቃው በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ አንድ ብልቃጥ ላከችልኝ፤ የውሻ ቫይታሚን። በብልቃጡ ላይ ፀጉሩ የተበጠረ፣ የሚስቅ ውሻ ሥዕል አለ። በከሚሴ የሚስቅ ውሻ አይቼ አላውቅም። ውስጡ ከታጠፈው ወረቀት ላይ መጠኑን አነበብኩ፤ በየአሥር ኪሎው አንድ ፍሬ ይላል። ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈ ብዙ ነገር ነበር፤ እሱን በኋላ አነባለሁ ብዬ አጠፍኩት። በየፈተናው «መመሪያውን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ እንዳትጀምሩ» እያልኩ የምጮኸው ሰው እኔ ነኝ።

ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቡሬን በመስኮት አየሁት። ልስጠው? የሰው አደራ የማላውቀውን ኪኒን ውጦ አንድ ነገር ቢሆንስ? አልስጠው? መድኃኒቱ ጠረጴዛዬ ላይ እያለ ዐሥራ ሁለተኛው አጥንት ቢወጣስ? ባለሙያ መጠየቅ ነው አልኩ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያው ጀማል ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው። ስደርስ ከጨፋ የመጡ ላሞች ተሰልፈዋል፤ እኔ ብልቃጤን ይዤ ከአንዲት ከሳ ካለች ጊደር ኋላ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ።

«መምህር፣ እንስሳህ የታለ?»

«ለምክር ነው የመጣሁት። ውሻ ነው። ቫይታሚን ይሰጠው ወይስ አይሰጠው?»

ብልቃጡን አገላበጠው። «ወላሂ መምህር፣ እኔ ጋ ውሻ የሚመጣው ሰው ሲነክስ ነው። ነክሷል?»

«መንከሻ አቅም የለውም።»

«የትል መድኃኒት ወስዷል?»

«ሐጂ ከመሄዳቸው በፊት ከአንተው ወስደው ሰጥተውታል።»

«እሺ፣ ምን ይበላል?»

እዚህ ላይ ደረቴን ነፋሁ። «የተመጣጠነ ምግብ። ፕሮቲን፣ ካርቦሃይድሬት፣ ቅባት፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሰዓቱ። መዝገብ አለኝ።»

ጀማል በአድናቆት አየኝ። የዚያን ያህል በሥርዓት የሚበላ እንስሳ ቀርቶ ሰውም አያውቅ ይሆናል። «እንግዲያ ቢሰጠውም አይጎዳው፣ ባይሰጠውም አይጎዳው» አለኝና ወደሚቀጥለው በሬ ዞረ።

ይህን በደብተሬ እንዴት እንደምመዘግብ ግራ ገባኝ። «አዎ» እና «አይ» ብዬ ሁለት ዓምድ አሰመርኩና ጀማልን መካከለኛው መስመር ላይ ጻፍኩት።

በማግሥቱ በመምህራን ማረፊያ የኬሚስትሪውን መምህር ተስፋዬን ጠየቅኩ። ተስፋዬ አብሮኝ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ወዳጄ ነው፤ ማስፈራራት ይወዳል።

«ተጠንቀቅ» አለኝ። «በቅባት የሚሟሙት ቫይታሚኖች ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ። ከመጠን ካለፈ ጉበት ነው የሚይዙት። ክብደቱን ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አላወቅክማ ገደልከው።»

ስለዚህ ቡሬ መመዘን አለበት። ዘዴውን ወዲያው አገኘሁት፤ መጀመሪያ እኔ ብቻዬን እመዘናለሁ፣ ከዚያ ቡሬን አቅፌ እመዘናለሁ፣ ልዩነቱ ቡሬ ነው። በሰፈራችን ትልቅ ሚዛን ያለው አንድ እህል ነጋዴ ነው። ቡሬን በገመድ ይዤ ደረስኩ። ነጋዴው ማሽላ እያስጫነ ነበር፤ ለመምህር ክብር ስላለው ጆንያውን አስነሥቶ እኔን ሚዛኑ ላይ አቆመኝ።

«ሃምሳ አንድ» አለ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «መምህር፣ የጆንያዬ ግማሽ ነህ።»

ስመጣ ሃምሳ ስምንት ነበርኩ። ግን የመጣሁበት ጉዳይ ያ አልነበረም። ወርጄ ቡሬን ብድግ ሳደርግ ነጋዴው ሁለት እጁን ዘርግቶ ከሚዛኑ ፊት ቆመ።

«አስተግፊሩላህ! ምን ልታደርግ ነው?»

«ልመዝነው ነው።»

«በዚህ? ሰው የሚበላው እህል የሚመዘንበት ላይ ውሻ? በጾም አፌ አታናግረኝ፣ መምህር!»

«ሚዛኑን አይነካም፤ እኔ ነኝ የምነካው፤ እሱ እኔን ነው የሚነካው» ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ማስረዳት እወዳለሁ። ባስረዳሁ ቁጥር እሱ ይበልጥ ጮኸ፤ በመጨረሻ እኔ የነካሁትንም ሚዛን ማጠብ ጀመረ። እኔም አንድ ሁለት የማይገባ ቃል ተናገርኩ። በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ቡሬ ግን ክንዴ ላይ እንደተጋደመ አልተንቀሳቀሰም፤ ድሮ ቢሆን ነጋዴውንም እኔንም ይነክስ ነበር።

እሑድ ሰንበቴ ገበያ ሄድኩ። ሥራቸው ከብት አይቶ ክብደት መናገር የሆነ ደላሎች እዚያ ሞልተዋል። ቡሬን ሚኒባስ የሚጭነው ስለሌለ በስልኬ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንስቼው ነው የሄድኩት። አንድ ጢማቸውን ሒና የቀቡ ደላላ ስልኩን ተቀብለው ፀሐዩን በጋቢያቸው ከልለው አዩት። አፋሮችና ደገኞች ግመልና በሬያቸውን ትተው ከበቡን።

«ጥርሱን አሳየኝ» አሉ።

«የጥርስ ፎቶ የለኝም።»

«ይሄ ሻጭ አይደለም» አሉ ለከበበን ሰው። ከዚያ ለእኔ፦ «አሥራ አራት ኪሎ፣ ከነቆዳው። ግን ስማኝ፣ ኪኒኑን ተው። አፈር ነው ያማረው። ከብት ሲከሳ ከቆላ የሚመጣ የጨው አፈር ይልሳል። ቦሌ እንለዋለን። ውሰድለት።»

አንድ ፌስታል ቦሌ ይዤ ተመለስኩ። ለቡሬ በክብር ፊቱ አስቀመጥኩለት። አሸተተው። አንድ ጊዜ ዞረው። ከዚያ እግሩን አንሥቶ ሸናበት። «አስተያየት» በሚለው ዓምድ «አልተቀበለውም» ብዬ ጻፍኩ።

ሐጂ ሊመጡ አራት ቀን ሲቀራቸው መዝገቤ እንዲህ ይነበብ ነበር፦ ከእህቴ አንድ ስጥ፣ ከተስፋዬ አንድ አትስጥ፣ አንድ ሁለቱም ያው ነው፣ አንድ አፈር። ከዚያ በላይ ማሰብ አልቻልኩም። ብልቃጡን ከፈትኩ፤ አንድ ተኩል ፍሬ በእጄ ይዤ ወደ በሩ ወጣሁ።

አዴ ፋጡማ ሳምቡሳቸውን እየጠበሱ ነበር።

«ማል ታቴ?» አሉ። ሲደነግጡ ኦሮምኛ ይቀድማቸዋል። «ምን ሆነ ይሄ ውሻ? እኔ እኮ ማስታወቂያህን ፈርቼ ዝም አልኩ እንጂ አንጀቴ አረረ። ያ በእጅህ ያለው ምንድን ነው?»

«ቫይታሚን ነው። ልስጠው አልስጠው እያልኩ ነው።»

«ወረቀት የለውም? አንብብልኝ።»

ወረቀቱን ዘረጋሁ። መጠኑን አነበብኩላቸው። በደቃቁ የተጻፈውንም፣ መጀመሪያ የዘለልኩትን፣ ለእሳቸው ስል ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ፦ «ይህ ምርት ምግብን አይተካም። ሥጋ ካለበት የተመጣጠነ ምግብ ጋር ብቻ ይሰጥ።»

አዴ ፋጡማ ማገላበጫውን አወረዱ።

«እሺ መምህሬ፤ ምን ታበላዋለህ?»

«የምበላውን።»

«አንተ ምን ትበላለህ?»

«ሽሮ፤ ምስር። ዐቢይ ጾም አይደል…»

 ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ነገር ጽፌ ተማሪ ሳይሆን እኔው ሳየው የሚሰማኝ ነገር ተሰማኝ።

«ያረቢ!» አሉ አዴ ፋጡማ። «በፊት የሐጂ ቤት የምሳ አጥንት ነበረ፤ ሐጂ የሉም። ረመዳን ነው፤ የሠፈሩ ሰው ቀን አይበላም። ሲያፈጥር የተረፈውን እንዳንጥልለት አንተ በጽሑፍ ከለከልክ። በቀረው ደግሞ የክርስቲያን ጾም አስያዝከው! እኛ አንዱን እንጾማለን፣ እናንተ አንዱን ትጾማላችሁ፤ ይሄ ምስኪን ሁለቱንም በአንድ አንጀቱ?»

ቡሬ ያንን ዓይኑን ወደ እኔ አነሣ። አሁን ገባኝ፤ ጥያቄ ነበረው።

ማስታወቂያውን ቀደድኩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥጋ ቤት። እንደሚታወቀው እዚህ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም በሁሉም ነገር አብሮ ሲኖር የሥጋው ነገር ግን ለየብቻ ነው፤ እኔም ከመጣሁ ጀምሮ የሠፈራችንን የሙስሊም ሥጋ ቤት ደፍ ረግጬ አላውቅም። ባለ ሥጋ ቤቱ ሲያየኝ ቢላውን ከፍ አድርጎ ያዘ።

«መምህር! አልሐምዱሊላህ! ዛሬስ ገባህልን!»

«ለውሻ ነው» አልኩ በቀስታ።

«ምንም አይደል፣ ለማንም ይሁን!» አለ ጮክ ብሎ፤ ወጪ ወራጁ እስኪሰማ። አጥንትና ቁርጥራጭ በፌስታል ሞልቶ ሰጠኝ። ስወጣ ተስፋዬ ደጁ ላይ ቆሟል። ፌስታሉን አየ፤ ቢላውን አየ፤ እኔን አየ።

«በዐቢይ ጾም?» አለ።

«ለውሻ ነው።»

«ያውም ከዚህ?»

«ተስፋዬ፣ ለውሻ ነው እኮ የምልህ!»

«እሺ» አለ በኀዘን፤ «ውሻውን እግዚአብሔር ይርዳው።» በማግሥቱ በማረፊያ ክፍሉ መምህራኑ ሁሉ የውሻውን ደህንነት ተራ በተራ ጠየቁኝ። እስካሁንም ይጠይቁኛል።

ቡሬ ግን በላ። በሁለተኛው ቀን አንድ ባጃጅ እስከ ግማሽ መንገድ ሸኘ። በአራተኛው ቀን ሐጂ ሲመጡ ከሩቅ ጮኸ እንጂ የጎኑ አጥንት ገና አልተሸፈነም ነበር። መደበቅ አልፈለግኩም፤ አማና ነው። ደብተሩን ይዤ ፊታቸው ቆሜ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ሳምቡሳውን፣ ሚዛኑን፣ ቦሌውን፣ ሁለቱን ጾም። ሐጂ አንድ ክንድ ራቅ ብለው ቡሬን አዩት፤ ከዚያ እኔን፤ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ፋጡማ! ነይ እስቲ። ስሄድ ምን ብዬሽ ነበር?»

አዴ ፋጡማ አንገታቸውን ደፉ። «"መምህሩ ልጅ ነው፣ የሰው አገር ነው፤ አማና ነው፣ እንዳይከሳብኝ" ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«ሐጂ፣ ወላሂ በየቀኑ ሳምቡሳ ሰጥቼዋለሁ! እኔ ምን ላድርግ፣ ለውሻው ያካፍለው ነበር!»

ለካ በዚያ ግቢ ውስጥ ሁለት አደራ ነበር፤ እኔ ያወቅኩት ስለ አንዱ ብቻ ነው።

የዒድ ዕለት ሐጂ ቤት ተጠራሁ። ለእኔ ብቻ ተብሎ በአዲስ ድስት፣ በዘይት፣ ሰባት ዓይነት የጾም ወጥ ተሠርቶ ጠበቀኝ፤ ከፋሲካ በፊት ገና ሦስት ሳምንት ይቀረኝ ነበር። ቡሬ ደጅ ላይ ከራሱ የሚበልጥ አጥንት ታቅፎ ተጋድሟል፤ እሱ ፈስኳል። ብልቃጡን ይዤ ሄጄ ነበርና ቫይታሚኑ እንግዲህ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቅኩ።

«በስንት ኪሎ ስንት ነበር?» አሉ ሐጂ።

«በየአሥሩ አንድ ፍሬ።»

«አንተ ስንት ነህ?»

በዚያ ሁሉ ደብተር ውስጥ በሚዛን የተረጋገጠ ቁጥር አንድ ብቻ ነበር።

«ሃምሳ አንድ» አልኩ።

«አምስት ፍሬ ነዋ» አሉ ሐጂ።

«ከተመጣጠነ ምግብ ጋር» አሉ አዴ ፋጡማ፣ ሦስተኛውን የምስር ሳምቡሳ ሰሃኔ ላይ እየጨመሩ፤ አጠገቤ ተቀምጠውም እስክጨርሰው ድረስ እጄን እንጂ ሌላ ነገር አላዩም።